የጠባቂው ክፍያ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቤርሳቤህ፤ ጁባ።

የሰላም አምላክ ያለሽበትን ቤት ይክደንልሽ፤ የምትረግጪውን መሬት ያጽናልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም የዕድሜ ነው፤ የቀጨኔን ዳገት እንደ ድሮው አያወጣኝም።

ይህን ደብዳቤ በለሜሳ እጅ የላክሁት፣ ጠበቃው ስለ ወንድምሽ ጉዳይ በስልክ አንዲት ቃል እንዳንነጋገር ስላስጠነቀቀን ነው። ለሜሳ እንደምታውቂው ዕቃ ይዞ ጁባ ይመላለሳል፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ልጅ ነው፤ የሰው ደብዳቤ አይከፍትም። ቢዘገይ ግን አትፍረጂበት፤ መንገዱ ሲዘጋ ወር፣ ሁለት ወር ይቀመጣል።

ማቲያስ ከነሐሴ ጀምሮ እንደታሰረ ነው። አሁን ክሱ ተነቧል። በመሥሪያ ቤቱ ግዥ ክፍል ሳለ በሌሉ ድርጅቶች ስም የዋጋ ማቅረቢያ እያዘጋጀ ገንዘብ አውጥቷል ነው የሚሉት። እውነቱን እግዚአብሔርና እሱ ያውቃሉ። እኔ የምጽፍልሽ ስለ ወፍጮ ቤቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ «በወንጀል ገንዘብ የተገዛ ነው» ብሎ አሳግዶታል። አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ገቢውም አይነካም። ወፍጮ ግን ቆሞ ከከረመ ሞተሩ ይበላሻል፤ የሠፈሩስ ሰው እህሉን ተሸክሞ የት ይሄዳል? ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ የሚያሠራው ንብረት አስተዳዳሪ ልሹም አለ።

መጀመሪያ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ቀርቦ ነበር፤ ሥራው ይኸው የታገደ ንብረት ማስተዳደር ነው አሉ። ጠበቃው ተነሣና «የተከሳሽ አክስት ባል አሉ፤ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ጠብቀው አንዲት ጠመኔ ያልጎደለባቸው ሰው ናቸው» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ዳኛዋ አስነሡኝ።

«አባት፣ ለዚህ ሥራ ስንት ይጠይቃሉ?»

«የልጄን ቤት ጠብቄ ክፍያ? ኧረ ነውር ነው!» አልኋቸው።

ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ጻፉ።

ይኸው ከሰኞ ጀምሮ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። አክስትሽ ባዩሽ በሕይወት ብትኖር «አንተ ሰውዬ፣ ከአንዱ ግምጃ ቤት ጡረታ ወጥተህ ሌላው ገባህ?» ትለኝ ነበር። ለማቲያስ እሑድ እሑድ ከአምልኮ ስወጣ ስንቅ አደርስለታለሁ። ከስቷል እንጂ ደህና ነው።

ማለዳ ስንበረከክ ስምሽን ሳልጠራ አልነሣም።

የአክስትሽ ባል ቶለሳ

—

ጁባ፣ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ቶለሳ፣

ሰላምዎ እንደ ክረምት ውኃ ይብዛ ጋሼ፤ ለጉልበትዎ ደግሞ ለብቻው ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ ጸጉር ቤቴ ውስጥ ቆሜ ነው፤ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ አንዷ ደምበኛዬ ካስክ ሥር ተቀምጣ «ለማነው እንዲህ ተጨንቀሽ የምትጽፊው፣ ለባልሽ ነው?» ትለኛለች። ለአጎቴ ነው ብላት አላመነችኝም።

«ነውር ነው!» ያሉትን ለሜሳ በድምፅዎ አስመስሎ ነገረኝ። በሳቅ ፈረስኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ባይኖረን ምን እንሆን ነበር?

ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን በግልጽ ልጻፍልዎ። ማቲያስ የሠራውን ሠርቶ ከሆነ በሕግ ይጠየቅ፤ ወንድሜ ነው ብዬ ጥቁሩን ነጭ አልልም። ወፍጮው ግን ግማሹ የኔ ነው። እርስዎ ያውቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሜሳ በመጣ ቁጥር ከዚህ ቆሜ የሰው ጸጉር ሠርቼ ያገኘሁትን ልኬአለሁ። እቴቴ ባዩሽ ትቀበላለች፣ እናንተ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ እርስዎ እያዩ ትቆጥራለች፣ ለማቲያስ ትሰጣለች። በእሱ ስም የሆነው እኔ እዚህ ስላለሁ ብቻ ነው። በባንክ አልላክሁም፤ ደረሰኝ የለኝም። ደረሰኜ እቴቴና እርስዎ ነበራችሁ። አሁን እሷ የለችም፤ እርስዎ ብቻ ቀሩኝ።

ጠበቃው በለሜሳ እጅ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ ማቲያስ ከተፈረደበት፣ ንብረቱ ለመንግሥት ከመወረሱ በፊት ፍርድ ቤቱ «በዚህ ንብረት መብት አለኝ የሚል ይቅረብ» ብሎ ወረቀት ያወጣል። ሠላሳ ቀን ይሰጣል። በሠላሳ ቀን ካልቀረብሁ በቃ፣ አለቀ። ጋሼ፣ ያቺ ወረቀት የወጣች ዕለት ይደውሉልኝ። ስለ ጉዳዩ ምንም አይናገሩ። «ነይ» ብቻ ይበሉኝ። በማግሥቱ አውሮፕላን ላይ ነኝ።

ሌላው፣ ከወፍጮው ገቢ ለማቲያስ ስንቅ ትንሽ ማውጣት አይቻልም? በጡረታዎ እንዳይጎዱብኝ ብዬ ነው።

ጌታ ዕድሜዎን እንደ እንጦጦ ዛፍ ያርዝምልኝ፤ ቢቆርጡትም የሚያቆጠቁጠውን።

ልጅዎ ቤርሲ

—

ጉለሌ፣ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቤርሳቤህ፣

የእጅሽን ሥራ የሚባርክ ጌታ ከክፉ ዓይንና ከክፉ በሽታ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን፤ የእንጦጦ ብርድ ግን ዘንድሮ አጥንት ይገባል።

ወፍጮው ይሠራል። ሶሬሳ አሁንም ፈጪያችን ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ድንጋዩን አስወቀርን፤ የሞተሩም ቺንጋ ተበጥሶ ተለወጠ። ሴቶቹ ተራ እየጠበቁ ይቀልዱብኛል። ቦሰና ጠላ ሻጯ «ጋሼ ቶለሳ የመንግሥት ሰው ሆኑ አሉ! ነገ በርበሬዬን አመጣና መንግሥትን አስነጥሰዋለሁ» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ስለ ጠየቅሽኝ ስንቅ፣ ከወፍጮው አንዲት ሳንቲም ያለ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አትወጣም። እንዲያው ሕጉ እንዲህ ነው። አንቺ ግን አትጨነቂ፤ ስንቁን ከራሴ እችላለሁ። አሁን ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ኮትም ገዛሁ፤ የድሮው ክንዱ ላይ አልቆ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም የሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ፤ አይገባኝም ብል «ወንድም ቶለሳ፣ ጌታ በጥቂቱ ታማኝ የሆነውን በብዙ ይሾማል» አሉኝ።

የማቲያስ ጉዳይ ምስክር እየተሰማ ነው።

በሰላም ዋይልኝ፣ በሰላም እደሪልኝ።

ቶለሳ

—

ጁባ፣ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ቶለሳ፣

የጌታ ጸጋ ከእርስዎና ከአዲሱ ኮትዎ ጋር ይሁን። (ለሜሳ «እግዚኦ! ሚኒስትር መስለዋል» ብሎኛል።)

ስለ ስንቁ ያሉት ገብቶኛል። ግን «ቀለል ብሎኛል» ያሉት አልገባኝም። ጡረታ ጨመሩላችሁ እንዴ? ጨምረው ከሆነ እሰየው። አይጨምሩም ስለሚባል ነው።

ጋሼ፣ ሦስት ሰው «ማቲያስ ሊፈረድበት ነው» ብሎ ነገረኝ። እርስዎ ግን ስለ ወረቀቷ ምንም አላሉኝም። ስልኬን ከጎኔ አድርጌ ነው የምተኛው። በአዲስ አበባ ቁጥር ሲጮኽ እዘላለሁ፤ አንዴ ለሻምፑ ነጋዴ «መጣሁ! መጣሁ!» ብዬ ዘጋሁበት። ሰውዬው እስካሁን ይጠብቀኛል።

ይህን ብቻ በአንድ መስመር ይመልሱልኝ፦ ወረቀቷ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም?

ያክብርልኝ።

ቤርሲ

—

ጉለሌ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቤርሳቤህ፣

መጽናናት የሆነው አምላክ ልብሽን ያጽናው። ዜናው ከባድ ነው፤ ማቲያስ ጥፋተኛ ተብሎ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቅሁም። ለሱ ጸልዪለት።

ስለ ሌላው ጉዳይ ለጠየቅሽኝ፣ ሁሉንም በጸሎት ይዤዋለሁ። ሦስት ሳምንት ጾም ጀምሬያለሁ። ጌታ መንገዱን ሲገልጥልኝ እጽፍልሻለሁ። መቸኮል ከሥጋ ነው።

ወፍጮው ደህና ነው።

ጡረታ አልጨመሩም።

ቶለሳ

—

ጁባ፣ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ ቶለሳ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ለሜሳ ግንቦት መጨረሻ ላይ ወደ ጁባ ሊነሣ ሲል ገና ሳይነጋ በወፍጮ ቤቱ በኩል አለፈ። ገና አልተከፈተም ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አየ። ስሜ አለበት። ሙሉ ስሜ፣ ከነአያቴ። «በሠላሳ ቀን ውስጥ» ይላል። የሚያዝያ 3 ማኅተም አለው። ለሜሳ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አሳየኝ፤ እስካሁን እያየሁት ነው።

ሶሬሳን ቆሞ ጠብቆ ጠየቀው። ሶሬሳ ምንም ሳይመስለው «እሱ ወረቀት? ቆየ እኮ። ጋሼ ናቸው የለጠፉት» አለው። ደግሞም «ጋሼማ በወር ስምንት ሺህ ብር ፍርድ ቤቱ ይከፍላቸዋል» አለው። ከወፍጮው ገቢ።

በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። እውነት ነው?

ቤርሳቤህ

—

ጉለሌ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቤርሳቤህ፣

እውነት ነው።

በአንድ ቃል ብለሽኛል፤ ያ አንድ ቃል ይኸው። የቀረውን የምጽፈው ላስተባብል አይደለም። ስድስት ቀን ጽፌ ቀደድሁ። የቀደድኋቸው ሁሉ ከዚህ የተሻሉ ነበሩ፤ የቀደድኋቸውም ስለተሻሉ ነው።

ችሎት ላይ «ነውር ነው» ካልሁ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ዳኛዋ ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝና ትእዛዝ ሰጡኝ። በወር ስምንት ሺህ፣ ከወፍጮው ገቢ። እምቢ አልሁ። «አባት፣ ፍርድ ቤት በነጻ የሚሠራ አስተዳዳሪ አያውቅም። በነጻ የሚሠራ ሰው በሌላ መንገድ ይከፈለዋል» አሉኝ። ልክ ናቸው። እንዳልሰርቅ ብለው ነው የከፈሉኝ።

የመጀመሪያውን ወር ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ላዩ ላይ «የቤርሳቤህና የማቲያስ» ብዬ ጻፍሁበት። እውነቴን ነው። በሁለተኛው ወር ብርዱ መጣና ኮቱን ገዛሁ። በሦስተኛው ወር አሥራቴን ከፍ አደረግሁ። ለቤተ ክርስቲያን ሳመጣ ፖስታው ወፈር ሲል ሒሳብ ያዡ ቀና ብሎ አየኝ። በሚቀጥለው እሑድ መጋቢው ከመድረክ ወርዶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ስደረድር ማንም በሁለት እጁ ጨብጦኝ አያውቅም። ከዚያ ኮሚቴ አስገቡኝ። ስገባ ወንበር ይለቁልኝ ጀመር። ቤርሳቤህ፣ ስምንት ሺህ ብሩን አልወደድሁትም። የተለቀቀልኝን ወንበር ነው የወደድሁት። ይህን ለራሴ ለማለት ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።

ሚያዝያ 3 መዝገብ ቤት ወረቀቱን ሰጡኝ። አንዱን «በበሩ ላይ ይለጥፉ»፣ አንዱን ደግሞ «ለእኅቱ አድራሻዋን ስለሚያውቁ እርስዎ ያድርሱ» ብለው አስፈረሙኝ። ስወጣ ጸሐፊውን እንዲያው ለነገሩ ያህል «እሷ ብትመጣስ ምን ይሆናል?» አልሁት። «ብትመጣማ ድርሻዋ ይለይላታል፣ ወፍጮውን ትረከባለች፣ የእርስዎም ሥራ ያበቃል። ካልመጣች ጨረታው እስኪወጣ ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ይቀጥላሉ» አለኝ። እንዲያው ለነገሩ ያህል አልነበረም የጠየቅሁት።

ቤት ገብቼ ስልኩን አነሣሁ። ስምሽን አወጣሁት። «ነይ» ማለት ብቻ ነበር። አስቀመጥሁትና «በመጀመሪያ ልጸልይበት» አልሁ። ጾም ያዝሁ። ለሦስት ሳምንት እየተንበረከክሁ «ጌታ ሆይ፣ ልደውል ወይስ አልደውል?» ስል ከረምሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእግዚአብሔር አይቀርብም። መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ቀን እየገፋ ነው። ያ ጾም ጾም አልነበረም፤ ሠላሳውን ቀን የምበላበት ማዕድ ነበር።

በበሩ ላይ ለጥፍ ተባልሁ፤ ለጠፍሁ። በሩ ወደ ውጭ ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር እንደሚተኛ አንቺም ታውቂያለሽ። ስከፍተው ወረቀቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ጎሕ ሳይቀድ እየሄድሁ እከፍት፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እዘጋ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቢጠይቀኝ ለጥፌያለሁ። ሰው ቢፈልገው አያየውም። ሠላሳ ዓመት ግምጃ ቤት የጠበቅሁት ለካ ታማኝ ሆኜ አልነበረም፤ ጠመኔ ስለማልወድ ነበር እንጂ።

ግንቦት 20 ወፍጮው እንዲወረስ ተወሰነ።

ያለኝን ሰብስቤ ለለሜሳ ሰጥቼዋለሁ፤ ከበላሁት ግማሹን ያህል ይሆናል። የቀረውን እሞላለሁ። ኮቱን የሚገዛ ፈልጌ አጣሁ።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ብዕር ግን አለኝና ይቅር በዪኝ።

ቶለሳ

—

ጁባ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ቶለሳ፣

ገንዘቡን በለሜሳ መልሼልዎታለሁ። ከወፍጮው የወጣ ስለሆነ የማን እንደሆነ እኔና እርስዎ አንወስንም።

ደብዳቤዎን አነበብሁት። ጥሩ ደብዳቤ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቢነበብ ሰው ያለቅስበታል፣ መጋቢውም እንደገና ወርዶ በሁለት እጁ ይጨብጥዎታል። እኔ ግን ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው ጸጉር ነበረብኝ፤ ሠርቼ ዘግቼ ገባሁ።

ይቅርታ ጠየቁኝ። እሺ። ይቅር ብልዎ ወፍጮው አይመጣ፤ ባልልዎ አይመጣ። ለኔ መናገር ቀላል ነው፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ ምንም አላደርግዎትም። ለፍርድ ቤቱ ይናገሩ።

ጠበቃውን አነጋግሬዋለሁ። ቀነ ገደቡ ያለፈብኝ በእኔ ጥፋት እንዳልሆነ ካስረዳሁ መቃወሚያዬን ሊሰሙኝ ይችላሉ። ለዚያ የእርስዎ ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። ጠበቃው መጀመሪያ «ረስቼው ነው ይበሉ፣ ለእሳቸውም ይቀላል» አለ። ቆይቶ ግን «ረሱ ከተባለ ዐቃቤ ሕጉ ‹እሷስ ለምን አልተከታተለችም› ይላል፤ አውቀው ደበቁ ከተባለ ግን በሩ ይከፈታል» አለኝ። ስለዚህ አውቀው እንደደበቁና ለምን እንደደበቁ ይማሉ። ደግሞም የምልከው ገንዘብ በፊትዎ ሲቆጠር ዘጠኝ ዓመት እንዳዩ ይማሉ።

ሊያስከስስዎ እንደሚችል ጠበቃው ነግሮኛል። አውቄው ነው የምጠይቅዎ።

በጸሎት እንዳይዙት።

ቤርሳቤህ

—

ጉለሌ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቤርሳቤህ፣

በደል የማይቆጥር አምላክ አንቺን ይጠብቅ። እኔን ይቁጠርብኝ፤ ይገባኛል።

ዘገየሁ። በጸሎት አልያዝሁትም፤ ፈርቼ ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ጠበቃው ቢሮ ሁለት ጊዜ በር ላይ ደርሼ ተመለስሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ማቲያስ ዘንድ ነው። ከአንቺ ደብዳቤ ቀጥሎ የሚያስፈራኝ እሱ ነበር። ከሽቦው ወዲህ ሆኜ ሁሉንም ነገርሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ መሳቅ ጀመረ። ፖሊሱ ሳይቀር ዞሮ አየው።

«ምን ያስቅሃል?» አልሁት።

«ጋሼ፣ እኔ የሰረቅሁት ፊቱን አይቼው የማላውቀውን መንግሥት ነው። እርስዎ የቤርሲን ፊት እያወቁት!»

ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ስንቁን አስቀምጠው ይሂዱ» አለኝ። አስቀምጬ ሄድሁ።

ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተናገርሁ። ጸለዩልኝ። በኋላ መጋቢው ለብቻ ያዘኝና «ወንድም ቶለሳ፣ ተናዝዘሃል፤ በጌታ ፊት አልቋል። ፍርድ ቤት ሄደህ የጌታን ስም ለምን ታሰድባለህ? ኮሚቴውን ብቻ ቀስ ብለህ ልቀቅ» አለኝ። ሰምቼው ደስ አለኝ። መንገድ ላይ እየሄድሁ ደስ ማለቴ አስደነገጠኝ። በማግሥቱ ጠበቃው ቢሮ ገባሁ።

ችሎት የቀረብሁት ጥቅምት 21 ነው። ዳኛዋ ያው ናቸው። እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ከዳዊትም ጠቅሼ ነበር። ማንበብ ስጀምር «እሱን ይተዉት፤ ወረቀቱን ለምን አላደረሱም? በአጭሩ» አሉኝ።

«ክፍያዬ እንዳይቋረጥብኝ።»

ጸሐፊዋ መተየብ አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ዳኛዋ «እንዳሉት ይጻፍ» አሏት። ተጻፈ። አነበቡልኝና ፈረምሁ።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ። መቃወሚያሽ እንዲሰማ ተፈቅዷል። ጨረታው ታግዷል። እኔ ከአስተዳዳሪነት ተነሥቻለሁ፤ የወሰድሁትን ሁሉ እንድመልስ ታዝዤአለሁ። አንቺ የመለስሽውን ዕለቱኑ በፍርድ ቤቱ ሒሳብ አስገባሁት፤ ለቀሪው የቤቴን የፊተኛ ክፍል ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራይቼዋለሁ። ዐቃቤ ሕጉ የቃሌን ግልባጭ ወስዷል፤ መጥሪያ እጠብቃለሁ።

በእኔ ቦታ ያ ከረባት ያሰረው ሰው ተሾመ። ክፍያው አሥራ አራት ሺህ ነው። እሱም ከወፍጮው ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር ሶሬሳን አባርሮ የራሱን ፈጪ ማምጣት ነው። ሶሬሳ መንገድ ላይ አገኘኝና ሰላም ሳይለኝ አለፈ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ስለሆነ እዚህ ደረስሁና እጄ ዘገየ።

ቀጠሮሽ ኅዳር 24 ነው። ጠበቃው ጉዳዩን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለኝ፦ «ገንዘቡ ሲቆጠር አይተዋል ብለው ይመሰክራሉ። ያኔ ዐቃቤ ሕጉ ይነሣና የዛሬውን ቃልዎን ያነብልዎታል። ‹ለወር ክፍያ ብለው ፍርድ ቤትን ያታለሉ ሰው፣ ዛሬ ለሚስትዎ ዘመድ ብለው እንደማይዋሹ በምን እንመንዎ?› ይልዎታል። ምን ይመልሳሉ?»

ምን እመልሳለሁ? በር ያስከፈተልሽ ቃል እኔው ራሴ በምስክርነቴ ላይ የፈረምሁበት ቃል ነው። ባልናገር አትሰሚም ነበር፤ ስለተናገርሁ ደግሞ አልታመንም። ባዩሽ የለችም፤ የተፈረደበትን ማቲያስን ደግሞ ማን ያምነዋል። ለሜሳ ገንዘቡን አምጥቶ ይሰጣል እንጂ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላየም። ሲቆጠር ያየ አንድ እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ እንዲህ አደረግሁት። ስምንት ቀን ሆነኝ መልስ ስፈልግ፤ የለኝም። ጠበቃውም የለውም። «ልብዎ የሚልዎትን ብቻ ይበሉ» አለኝ፤ የኔን ልብ ስላላወቀ ነው።

ስትመጪ ማረፊያሽ እኔ ቤት አይሁን፤ ይከብድሻል። የለሜሳ ሚስት ሮሃ አልጋ አዘጋጅታለች፤ ከአየር ማረፊያም እነሱ ይወስዱሻል። ችሎቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፤ ወረፋ ስላለው ቀደም ብለሽ ግቢ። እኔ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እሆናለሁ። ወደዚያ አትዙሪ። ስሜ ሲጠራ እነሣለሁ፤ የቆጠረችውን፣ እኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ዐቃቤ ሕጉም ሲጠይቀኝ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬን ጸሐፊዋ እንዴት አድርጋ እንደምትጽፈው አላውቅም።

ቶለሳ